ደፉን በመጋዝ የቆረጡት መምህር

አጎታችን መምህር ኤከሃርት ትሮብነር ከአባታቸው ከኦርጋን ሠሪው ከአቶ አርኖ ትሮብነርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሊና ፎክት እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 1938 በጀርመን አገር፣ ዛለ በተባለ ወንዝ ዳር በምትገኝ መንደር ተወለዱ። ከየና ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ከ1961 ጀምሮ በከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጀርመን ሥነ ጽሑፍ አስተማሩ። በ1963 ከወይዘሮ ኢርምትራውት ጋር ጋብቻ ፈጽመው አንዲት ልጃቸውን ጌዚነን ወለዱ።

በየዓመቱ ለመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች የሚያስተምሩት አንድ የቆየ አሳዛኝ ተውኔት ነበር፤ ለመሐላው ሲል ሴት ልጁን በቤቱ ደፍ ላይ የሚገድል አባት ታሪክ ነው። ሌሎች ደራሲው ከሮማውያን ወሰደው ሲሉ፣ እሳቸው ግን ደራሲው የቄስ ልጅ ስለነበር ከመጽሐፈ መሳፍንት፣ ከዮፍታሔ ነው ብለው ይሟገቱ ነበር፤ የዮፍታሔም ልጅ አባቷን የተቀበለችው ከቤቱ ደጅ ወጥታ ነውና። ደፉ የአባትየው ትዕቢት ምልክት መሆኑን ሲያስረዱ የሚረታቸው አልነበረም።

ሆኖም በ1985 ጌዚነ ትምህርቷን ጥላ የሰርከስ ፈረስ አሠልጣኝ ስታገባ፣ "በሕይወት እያለሁ ይህን ደፍ አትሻገሪም!" ብለው ማሉ። እልኸኛ ነበሩ፤ ዘመድ ሁሉ ለምኖ ሰለቸው።

በ1991 ታኅሣሥ አንዲት ተማሪ ክፍል ውስጥ እጇን አወጣች።

"መምህር፣ ሰውየው መሐላውን ቢያፈርስስ?"

"ተውኔቱ እዚያው ያልቃላ!"

"ቢያልቅስ! ልጅቷ ትተርፍ የለ?"

መምህሩ የዚያኑ ዕለት ለልጃቸው ስልክ ደወሉ፤ ለገና ከባሏ ጋር መጣች። መሐላ ማፍረሱ ግን አሁንም አልሆነላቸውም። ጠረጴዛውን ግቢ አውጥተው የዝይ ጥብሱን በረዶ ላይ አቀረቡ። ወይዘሮ ኢርምትራውት ካፖርታቸውን እንደ ደረቡ፣ "አንተ ሰውዬ፣ መሐላህ በብርድ ሊፈጀን ነው!" ሲሏቸው ተነሥተው መጋዝ አመጡና ደፉን ቆርጠው ጣሉት።

"በይ፣ የምትሻገሪው ነገር የለም፤ ግቢ" አሏት። እያለቀሰች ገባች።

ከዚያ ወዲህ በበሩ ሥር ነፋስ ይገባል። አናጢ እንጥራ ሲባሉ፣ "ነፋሱም ይግባ" ይሉ ነበር።

መምህር ኤከሃርት ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 2019 በቤታቸው፣ እጃቸው በጌዚነ እጅ ውስጥ እንዳለ አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ፈረስ አሠልጣኙን አማቻቸውንና ሁለት የልጅ ልጆች ትተዋል።

አምላክ ነፍሳቸውን ደፍ በሌለው ደጁ ያስገባልን።