የስምንት ሰዓቱ መልእክትሽ

ውዴ ዘነበች፤

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እወቂልኝ። በላፕቶፕሽ ላይ በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ብቅ ይል የነበረው መልእክትሽ ጠፍቷል። እንዲጠፋ የፈቀድኩትም እኔ ነኝ። ሌላው ሁሉ ተርፏል። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ የቀረውን ስታነቢ የፈራሁት ምን እንደሆነ እንዲገባሽ ነው።

ከተለየሽን ይህ ሁለተኛው ክረምት ነው። ቦንጋ እንደምታውቂያት ናት፤ ዝናቡ ከጠዋት ይጀምርና ቆርቆሮው ላይ ሲያወራ ይውላል፣ መብራትም ይሄዳል ይመጣል። ሜሮናችን ጅማ ሥራ ይዛለች። ጓሮ የተከልሽው እንሰት የኩሽናውን ጣሪያ አልፏል። ወንበርሽን ከመስኮቱ ሥር አላነሳሁትም። ላፕቶፑም እዚያው አጠገቡ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፣ ከሶኬት ከተነቀለ ወዲያው ይጠፋል።

መጀመሪያ የገዛሽው ለክትባት ሪፖርት ነበር። ለክትባት ሥራ ወደ ዋጫና ደካ ገጠር ስትሄጂ በፎጣ ጠቅልለሽ እንደ አራስ ልጅ ጭንሽ ላይ ታስቀምጪው ነበር። ጡረታ ከወጣሽ በኋላ ደግሞ የእኔ ጠባቂ አደረግሽው። ሐኪሙ የግፊት ኪኒን አዞልኝ፣ በየምሽቱ ሁለት ሰዓት እንድወስድ የነገረኝ ሰሞን ነው። ማስታወሻ ሞላሽበት፦ «አንተ ሰውዬ፣ ኪኒንህ። ኋላ አልነገርሽኝም እንዳትል።» ሰዓቱንም ሁለት አልሽው። ማሽኑ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ ሁለት ሰዓት መሰለው። ለምሽት ያሰብሽው ጥሪ ምሳ በልተን ስንነሳ፣ ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። ስህተት አይቼ ማለፍ እንደማልችል ታውቂያለሽ፤ ላርመው ተነሳሁ። እጄን ይዘሽ፣ ተወው፣ ስድስት ሰዓት ቀድሞ የተነገረው ሰው ምን ምክንያት ይኖረዋል ብለሽ ሳቅሽ። ከዚያ ወዲያ ስምንት ሰዓት ላይ ማሽኑ ይናገራል፣ ሁለት ሰዓት ላይ አንቺ ትደግሚዋለሽ።

ካረፍሽ ወዲህ የምሽቱን የሚደግምልኝ ታጣ። ሐኪሙን አስፈቅጄ ኪኒኑን ወደ ስምንት ሰዓት አዛወርኩት። ምክንያቱን ግን አልነገርኩትም።

ዘንድሮ ላፕቶፑ ታመመ። ለመነሳት ያስለምናል፤ ከተነሳ በኋላም ስክሪኑ በድንገት ሰማያዊ ይሆንና ይዘጋል። አንድ ጊዜ ጭራሽ አልነሳም ብሎ ለቀናት ቆየ። በእነዚያ ቀናት ኪኒኑን ረሳሁት። ገበያ መሐል ራሴን አዞረኝ፤ ሰዎች ደግፈው ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። ለሜሮን አልነገርኳትም። ብነግራት ቤቱን ዘግተህ ና ነው የምትለኝ።

መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የምትጠግነው ሐያት፣ ሒሳብ ያስተማርኳት የጨርቅ ነጋዴው ልጅ፣ አየችልኝ። ሲስተሙ አርጅቷል ጋሼ፣ አዲስ መጫን አለበት አለችኝ። መጫን ማለት መጀመሪያ መደምሰስ እንደሆነም ነገረችኝ። ፎቶዎችሽን፣ ሪፖርቶችሽን፣ የሜሮንን የምርቃት ቪዲዮ ወደ ፍላሽ ገለበጥን። ተገልብጧል ስትለኝ አላመንኳትም፤ እያንዳንዱን በእሷ ማሽን ከፍቼ አየሁ። ሐያት አገጯን ይዛ ትጠብቀኛለች። ጋሼ፣ የእኛን ፈተና ሲያርሙም እንዲሁ ነበሩ፣ ማርክ ሳይሆን ጥፋት ነበር የሚፈልጉት አለችኝ። መልእክትሽን ግን ፍላሹ አልያዘውም። እሱ ፋይል አይደለም፣ ከድሮው ሲስተም ጋር ነው የሚሄደው፤ ኋላ እንደገና እንሞላዋለን አለች፣ እንደ ቀላል ነገር።

ሁሉም እንደሚጠፋ ነግሮ ይቀጥል እንደሆነ የሚጠይቀው ጽሑፍ ሲመጣ ሐያት ጣቷን አንስታ ጠበቀችኝ። አንገቴን ነቀነቅሁ። ግማሽ መንገድ ላይ መብራት ሄደ። ጠረጴዛው ሥር ያለው የመጠባበቂያ ባትሪ መጮህ ጀመረ። አሮጌው ሄዷል፣ አዲሱ አልገባም፤ ባትሪው እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን ይቀርልኛል ብዬ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጥኩ። ሐያት ወንበር ስባ፣ ይቀመጡ እንጂ ጋሼ፣ ከላፕቶፑ ቀድመው እርስዎ እንዳይዘጉብኝ አለች። ልስቅ ፈልጌ አቃተኝ። መብራት እስኪመለስ ስምሽን በልቤ ስጠራ ነበር።

ተጭኖ ሲያልቅ የማስታወሻውን ገጽ ከፈተችልኝና ምን እንጻፍ ጋሼ አለችኝ። ቃልሽን አንድም ሳላጎድል አውቀዋለሁ። «አንተ ሰውዬ» ብዬ ጀመርኩና ጣቴ ቆመ። የውጤት ካርዱ ላይ የአባቱን ፊርማ አስመስሎ የፈረመ ተማሪ ስንቱን ከክፍል አስወጥቻለሁ። ፊርማው ቁርጥ የአባቱን ቢመስልም፣ አባቱ ካርዱን እንዳላየው አውቅ ነበር። የጻፍኩትን አጠፋሁና ቤቴ እሞላዋለሁ አልኳት።

ዛሬ ስምንት ሰዓት ሲቃረብ ወንበርሽ አጠገብ ተቀመጥኩ። ላፕቶፑ አሁን ፈጣን ነው፣ ድምፁም አይሰማም። ስምንት ሰዓት ሆነ፣ አለፈ። ዝናቡን ስሰማ ቆየሁ። ዘጠኝ ሰዓት ግድም የኪኒኑን እሽግ አነሳሁ። አዲስ ነው፤ አንድ ኪኒን ጎድሎበታል። እሽጉን የከፈትኩት ትናንት ይሁን ዛሬ ማስታወስ አቃተኝ። የክፍሉን ተማሪ ስም በሙሉ ያለ ወረቀት እጠራ የነበርኩ ሰው፣ ዘነበች፣ የዛሬን ኪኒን መዋጤን አላውቅም። ልድገመው ብዬ ፈራሁ፣ ልተወው ብዬም ፈራሁ። በመጨረሻ ተውኩት፤ ትክክል ይሁን ስህተት አሁንም አላውቅም።

አንቺን ለማስታወስ የሚጠራኝ አያስፈልገኝም። ስትስቂ እጄን እንዴት እንደያዝሽ፣ ላፕቶፑን የምትጠቀልዪበት ፎጣ ቀለም ምን እንደነበር፣ ይህን ሁሉ እስከ መጨረሻዬ ይዤው እሄዳለሁ። የምፈራው ሌላውን ሁሉ እንዳልረሳው ነው።

ማስታወሻው አሁን ፊቴ ተከፍቷል። ሰዓቱን ሞልቼዋለሁ፤ ሁለት፣ ልክ አንቺ እንደሞላሽው፣ ሳላርም። የቃሉ ቦታ ባዶ ነው። በሕልሜም ይሁን በሌላ በምትችዪው መንገድ፣ ምን ብዬ እንደምጽፍ ንገሪኝ። እባክሽ አትዘግዪ፤ ነገ ስምንት ሰዓት ከመሆኑ በፊት መልሽልኝ።

ያው ሰውዬሽ