የትዕዛዝን እጅ ማን ሰጣት?

ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከአዋሽ ዳር፣ ከሸንኮራ እርሻው ሠፈር

ለተከበሩ ወላጅ እናቴ ለወይዘሮ አስናቀች
ሻንቶ

ክብርት እናቴ ሆይ፣ የጌታችን ሰላም ከደጃፍዎ እስከ ጓሮዎ እንሰት ድረስ ይሙላ። ባለቤቴ ሃይሚ፣ ከነሸክምሽ እንደምን ሰንብተሻል? እህቴ ትዕዛዝ፣ እንደምን ነሽ? አጎቴ ጌታሁን፣ ከነባጃጅዎ እንደምን ሰነበቱ? ይህን ደብዳቤ በወላይትኛ እየተረጐሙ የሚያነቡልን ወንጌላዊ ሶርሳ፣ ቃሌን ሳያለዝቡ እንዲያነቡልኝ በአክብሮት እለምናለሁ። እኔ ልጅዎ ኤርካሎ፣ ከሐሳብ በቀር ደህና ነኝ።

በደብዳቤ መጻፌ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። በስልክ የሃይሚን ነገር ባነሣሁ ቁጥር «ጌታ ያውቃል» ብለው ይዘጉብኛል። ወንጌላዊ በሰው ፊት የጀመሩትን ንባብ ግን እርስዎ አቋርጠው እንደማይነሡ አውቃለሁ።

እናቴ፣ የሃይሚ መውለጃ ቀን ደርሷል፤ ዝናቡም በርትቷል። የጤና ባለሙያዋ ብርሃኔ፣ ሃይሚ አስቀድማ ወደ ጤና ጣቢያው ሄዳ በእናቶች ማቆያው እንድትጠብቅ ነግራታለች። እርስዎ ግን «ምጥ ሳይመጣ ቤት ለቆ መሄድ አለማመን ነው። እኔ በዚህ ቤት ስድስት ወልጃለሁ። ጌታ ተአምር ያደርጋል» ብለዋል። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ቦይ ስጠርግ አካፋው የት እንደሚያርፍ አላይም።

ባለፈው ዓመት የሆነውን ሁላችን እናውቃለን። ሃይሚን ምጥ ሲይዛት ጌታ ያወጣታል ብለን፣ ዝናቡ እስኪያባራ ተንበርክከን ጠበቅን። መንገዱ ጭቃ ሆኖ ባጃጅ አልገባም። ለልጃችን ለባርኮት ስም ያወጣንለት ከቀበርነው በኋላ ነው። ማን ምን አለ ብዬ አላነሣም፤ እኔም ከተንበረከኩት አንዱ ነበርሁ።

የምለምንዎት በራስዎ ትምህርት ነው። ልጆች ሳለን፣ ማታ ከእራት በፊት፣ «ዛሬ ጌታ ምን አደረገ?» ብለው በየተራ ይጠይቁን ነበር። ትዕዛዝ «ጭልፊቱ ጫጩቷን ሳታት» ትላለች። እኔ አንድ ቀን ርቦኝ ኖሮ «ዛሬስ ምንም አላደረገም» አልሁ።

«እንግዲያው ይህን ስኳር ድንች ማን አበሰለው?»

«ትዕዛዝ ናታ!»

ትዕዛዝ ሳቋ አነቃት። እርስዎም እየሳቁ «የትዕዛዝን እጅስ ማን ሰጣት?» ብለው ትልቁን ድንች ለእርሷ ሰጡ። እኔም አኩርፌ ትንሹን በላሁ።

ያን ቃል የተረዳሁት እዚህ ነው። እንዳይጨነቁ ብዬ ሳልነግርዎት ቀረሁ እንጂ ባለፈው ወር ወባ ጥሎኝ ነበር። አብሮኝ የሚያድረው ገብርኤል የቦዲቲ ልጅ፣ ኦርቶዶክስ ነው። ወደ ክሊኒክ እንሂድ ሲለኝ «ጌታ ይፈውሰኛል፣ ተወኝ» አልሁት።

«ይፈውስህ፤ ማን ከለከለው? አንተ ጴንጤ፣ ጸልይ፤ ግን እየሄድን ጸልይ! ብትሞት ሬሳህን ሻንቶ የማደርስ እኔ ነኝ። ከአሁኑ ቀላል ሳለህ ልሸከምህ።»

አዝሎኝ ጐርፍ የሞላውን ቦይ ተሻገረ። እኔ ከላይ ኢየሱስን፣ እርሱ ከታች ቅዱስ ሚካኤልን እየጠራን ደረስን። በመድኃኒቱ ዳንሁ። ስነቃ፣ ከሰማይ ሲወርድ ስጠብቀው የነበረው ተአምር እግሩ ጭቃ ለብሶ አጠገቤ ተኝቶ ያንኰራፋ ነበር። ሌላውን ተአምር ብጠብቅ ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎት አይኖርም ነበር።

እናቴ፣ የገብርኤልን ጀርባ ማን ሰጠው? የአዋላጇንስ እጅ? የአጎቴ ጌታሁን ባጃጅ ዘንድሮ በደጃችን መቆሙ የማን ሥራ ነው? ሃይሚ ብትሄድ ከጌታ አትርቅም፤ አስቀድሞ ወዳዘጋጀላት እጅ ትሄዳለች። ጸሎትዎን አይተዉ፤ ባጃጁ ውስጥ ሆነው፣ እጇን ይዘው ይጸልዩ።

ስድስት ወልጃለሁ ይላሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ከላይ በሰላምታዬ ልጠራት የተረፈችኝ አንዲት እህት ብቻ ናት። ይቅር ይበሉኝ። ይህን በቃሌ ልናገረው አልደፍርም ነበር።

ሃይሚ፣ አንቺ ምንም አትናገሪ፤ ልብስሽን ብቻ ቋጥሪ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልኝ አምባቸው ሁለት ቀን ሰንብቶ ይመለሳል። ረጅም ነገር አልጠይቅም፤ ሄዳለች ወይም አልሄደችም ተብሎ ይጻፍልኝ። እባክዎን እናቴ፣ አምባቸውን ባዶ እጁን አይስደዱብኝ። ገብርኤል ያንን ጥያቄዎን ተምሮ ማታ ማታ «እሺ ጴንጤ፣ ዛሬ ጌታ ምን አደረገ?» ይለኛል። እኔም ሰሞኑን «መልሱ ከሻንቶ ይመጣል» እለዋለሁ።

የአብርሃምና የሣራ አምላክ ጉልበትዎን ያጽና፤ በዕቅፍዎ የሚያለቅስ ሕፃን ያሰማዎት።

ትእዛዝዎን የሚጠብቅ ልጅዎ
ኤርካሎ