ከነልጣጩ

ጎንደር፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጸሎት ዳኛው
ኔዘርላንድ

እንደምን ከርመሻል፣ ልጄ? ብርዱ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። እኔማ ከደህናም በላይ ነኝና ዛሬ ራሴ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬሽን የምሰማው በእናትሽ በኩል ነው። ምህንድስናውን ትተሽ ሥነ ምግብ እማራለሁ ስትዪ፣ «ለመብላት ዲግሪ አያስፈልግም» ብዬ ስልኩን የዘጋሁብሽ እኔ ነኝ። አልረሳሁትም።

በታኅሣሥ ስኳር እንዳለብኝ ሲነገረኝ ጠያቂው ሁሉ የታሸገ ጭማቂ ተሸክሞ መጣ፤ ስኳር ለያዘው ሰው። አንዱን ጎረቤት ከነካርቶኑ ከበር መለስኩት። እናትሽ እስካሁን ታኮርፈኛለች። አንቺ ደግሞ «ጭማቂውን ይተወው፤ ፖም ካማረው ከነልጣጩ አኝኮ ይብላ» ማለትሽን ነገረችኝ። ሠላሳ ዓመት ኬሚስትሪ ላስተማርኩት ለእኔ ይህ አልተዋጠልኝም። አንድ መካከለኛ ፖም ሃያ አምስት ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው፤ አብዛኛው ስኳር ነው። ቢጠጣስ ቢታኘክስ ምን ይለውጠዋል አልኩ።

ስህተትሽን ላሳይሽ ቆርጬ ተነሣሁ። በጥር የደባርቅ ፖም ገዛሁና በሚዛን እየመዘንኩ አንድ ቀን ጨምቄ፣ አጥልዬ ጠጣሁ፤ በማግስቱ ከነልጣጩ አኝኬ በላሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጣቴን እየወጋሁ ለካሁ። አንድ ጊዜ ማስረጃ ስለማይሆን ሦስት ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ሦስቱንም ጊዜ ጭማቂው ስኳሬን ሽቅብ ሰደደው፤ ሙሉው ፖም ግን ረጋ ብሎ ነው የወጣው። ያ አራት ግራም ያህል አሰር፣ ግማሽ የሚጠጋው ልጣጩ ላይ ያለ፣ ስኳሩን ይዞ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ረሀቡን እስከ ምሳ ያስታግስልኛል፤ የሆድ ድርቀቴም ትቶኛል። ተሸነፍኩ። ለማንም ግን ትንፍሽ አላልኩም።

የየካቲት መድኃኔ ዓለም ማኅበር ተራው የመሪጌታ ኪዳነ ማርያም ነበር። ባለቤታቸው እሜቴ ወለተሩፋኤል እንግዳ ለማክበር ብለው ፖሙን ሁሉ ልጠው አቀረቡ። በእሳቸው ቤት ለትልቅ ሰው ያልተላጠ ፍሬ መስጠት ንቀት ነው። ልጣጩ በሳህን ጓሮ ለታሰረው የፋሲካ በግ ሲሄድ ተነሥቼ ከእጃቸው ተቀበልኩና መብላት ጀመርኩ። 

«ምነው ዳኛው፣» አሉ መሪጌታ፣ «የበጉን ድርሻ ትሻማለህ? ለፋሲካ አንተን እንረድ እንዴ?»

ማኅበርተኛው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ተቆጣሁ። «ዋናውን አሰር ለበግ ሰጥታችሁ ስኳሩን ለሰው ታቀርባላችሁ» አልኩ።

«ይህን ደግሞ ማን አስተማረህ?»

«ልጄ። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ።»

በሰው ፊት እንዲህ ብዬ ስጠራሽ የመጀመሪያዬ ነው። እናትሽ ከሴቶቹ መካከል ቀና ብላ አየችኝ። መሪጌታ አንድ ልጣጭ አነሡና አኘኩ። «ሸጋ ነው። ለካ ከሁላችን የሚያውቀው በጉ ኖሯል» አሉ። በመጨረሻ ሳህኑ ባዶ ሆኖ ነው የወጣው።

ባለፈው ሳምንት የሦስት ወር ምርመራዬ ወጣ፤ ስኳሬ ሐኪሙ በፈለገው ልክ ወርዷል። ፖም ብቻውን አዳነው ብለሽ እንዳትጽፊ፤ ኪኒኑን አላቋረጥኩም፣ በየማለዳው በእግሬ ቀሐ ወንዝ ድረስ ወርጄ እመለሳለሁ። ከምግቡ በኩል ያለው ድርሻ ግን የአንቺ ነው።

በሰኔ እንደምትመረቂ ሰምቻለሁ። ፓስፖርት አውጥቻለሁ። ለቪዛው የአንቺ የጥሪ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ከፈቀድሽ ነው። ለማመልከቻው የተነሣሁትን ፎቶ አብሬ ልኬልሻለሁ። ፎቶ አንሺው ሁለት ጊዜ «ጋሼ፣ አይቆጡ» ብሎኛል። ፊቴ እንደዚያ ሆኖ ወጣ እንጂ አልተቆጣሁም ነበር።

መድኃኔ ዓለም የጀመርሽውን ትምህርት ያስፈጽምሽ።

አባትሽ
ዳኛው ሐብተ ማርያም