ጭራው የተቆረጠ የገና ዘፈን

ለተከበሩ የሬዲዮ ጣቢያችን የፕሮግራም ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እጅ ነስቼ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ቤተሰብዎ ደህና ነው? ቢሮዎ፣ መኪናዎ፣ ጸሐፊዎ ደህና ናቸው? ከሁሉም በላይ ግን ጆሮዎ እንዴት ሰነበተልኝ? እኛ አድማጮችዎ እርስዎ የሰሙትን ሰምተን የምናድር ሰዎች ስለሆንን፣ እሱ አንድ ነገር ከሆነ ምን ይውጠናል ብለን ስንጨነቅ ከርመናል።

እኔ አምና ያረፈው የዘፈን ደራሲ የእህት ልጅ ነኝ። ሥራዬ ስልክ መጠገን ነው። ትምህርቴ እኔና የሒሳብ አስተማሪዬ በስምምነት የተለያየንበት ቦታ ላይ ቆሟል፤ ስለዚህ ፊደል ብገድፍ ይቅርታዎን ሳይሰጡኝ ወስጃለሁ።

አጎቴን በስም ባያውቁት አልፈርድብዎትም። የዘፈን ደራሲ ማለት ዘፋኙ ሲጨበጨብለት ከመጋረጃ ጀርባ የዘፋኙን ጃኬት ይዞ የሚቆመው ሰው ነው። በየሠርጉ ሰው ላቡ እስኪንጠፈጠፍ የሚጨፍርበትን፣ ግጥሙን ግን ማንም ሰምቶት የማያውቀውን «መስኮቱን ዝጊልኝ» የተባለ የመለያየት ዘፈን የጻፈው እሱ ነው። የገና ዘፈኖቹንም የደረሳቸው በዓሉ ሰባት ወር ሲቀረው፣ በግንቦት ሙቀት፣ በካናቴራና በቁምጣ ሆኖ ነው። ስሜቱ እንዲመጣለት ጠዋት ጠዋት እየተነሳን እንኳን አደረሰህ እንድንለው ያስገድደን ስለነበር፣ ጎረቤት ቤተሰቡ በሙሉ ቀን የጠፋበት ይመስለው ነበር።

ኋላ ጉሮሮውን ታሞ ድምፁ ሄደ። የሄደውም የእኛ ቤት ስልኮች ድምፅ መቅዳት ሳይማሩ በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ዜማውን ለዘፋኞቹ የሚያስረዳቸው በትንፋሹና ጠረጴዛ በሚደበድብባቸው ሁለት ማንኪያዎች ነበር። ሰፈሩ «ጋሼ ሹክሹክታ» ይለው ነበር። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ እሱም ወዶት ነበር።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ለመታሰቢያ ፕሮግራሙ እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። አቅራቢዎ ስለ ራሱ የልጅነት ሕልም፣ ስለ መጀመሪያ ቃለ መጠይቁና አጎቴን አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ አግኝቶት ሳያናግረው ስለ መውረዱ በሰፊው አጫወተን። በመሃሉ ሦስት ዘፈን ተከፈተ፤ አንዱ የሌላ ሰው ነው። የአጎቴን ባለቤት፣ እኛ ቤት እቴቴ የምንላትን፣ ሁለት ቃል እንድትናገር ጋብዛችኋት፣ ጥቁር ቀሚሷን ተኩሳ መጥታ፣ ኮሪደር ላይ ከውሃ ማቀዝቀዣው አጠገብ እንደተቀመጠች ሰዓቱ አልቋል ተባለች። ውሃው ግን ቀዝቃዛ ነበር ብላለች፤ እግዜር ይስጥልን።

ሁለተኛ፣ በየዓመቱ ስለምትከፍቱት የአጎቴ የገና ዘፈን። እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሡኝ፤ ደብዳቤውን ያጻፈኝ ይኸው ነው።

የአጎቴ ድምፅ ገና ሳይሄድ፣ ዘፈኑ በተቀረጸበት ቀን ከአጃቢዎቹ አንዱ ጥርሱን ታሞ ቀረ። አጎቴ ጎደሎውን ሊሞላ ማይክ ፊት ቆመ። ዘፋኙ ጨርሶ፣ ሙዚቃው ረግቦ፣ ሌሎቹ አጃቢዎች አፋቸውን ሲዘጉ፣ እሱ የት ላይ እንደሚቆም የነገረው ሰው አልነበረምና ብቻውን ቀጠለ፦ «መብራቱን አታጥፉት፣ መንገድ ላይ ነኝ።» ስህተት ነበር። የስቱዲዮው ሰው ግን ስህተቱን ወደደውና ተወው። የአጎቴ ድምፅ በዚህ ምድር ላይ የቀረው እዚያች ስህተት ውስጥ ብቻ ነው። የእኛን ካሴት ቴፑ በልቶታል፤ ስቱዲዮው ተዘግቶ ፋርማሲ ሆኗል፤ በየስልኩ የሚዞረውም ከእናንተው የተቀዳ ነው።

ገና ሲቃረብ ዘፈኑን ደጋግማችሁ ትከፍቱታላችሁ። እቴቴ ሳህን እያጠበች ከሆነ ቧንቧውን ትዘጋለች። አረፋ በያዘ እጇ ወደ ሬዲዮው ዘንበል ትላለች። ዘፋኙ ይጨርሳል። ሙዚቃው ይረግባል። ልክ ባሏ ትንፋሽ ሊወስድ ነው ስንል፣ ለወገባችን የሚያዝን ፍራሽ በሁለት መጠን መቅረቡ ይበሠርልናል። እቴቴ ቧንቧውን መልሳ ትከፍታለች። ብትሳደብ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ አግዛታለሁ።

እኔም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። በዘፈን ምርጫ ስልካችሁ አንዴ ሙሽራ፣ አንዴ ጡረተኛ ኮሎኔል፣ አንዴ ሆስፒታል የተኛሁ አሮጊት ሆኜ ደውዬ፣ እባካችሁ እስከ ጭራው አሰሙን ብዬ ለመንኩ። ለኮሎኔሉ አቅራቢዋ በወታደር ደንብ ቃል ገባችለት፤ እሱም ፍራሹን ሰማ። ለአሮጊቷ እግዜር ይማርሽ አለቻት። አሜን ብያለሁ፣ ምን ላድርግ።

ሦስተኛ፣ በአካል መጥቼ ነበር። ዘበኛችሁ ከመመላለሴ ብዛት የተነሣ ዘመድ ሆነን፣ ዛሬም ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ይልቅ ና ተቀመጥ ይለኝ ጀመር። እርስዎን የመሰለ በስብሰባ የተባረከ ሰው አላየሁም። በመጨረሻ ዘበኛው አዝኖልኝ ከካሴት ክፍሉ ሠራተኛ ጋር አገናኘኝ። ሠራተኛው አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ። ካሴቶቹ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጡ፣ ለማስታወቂያ ቦታ እንዲኖር፣ ማንኛውም ዘፈን ዘፋኙ አፉን በዘጋበት ላይ ይቆረጥ የሚል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። ትእዛዙ የእርስዎ ነው። ካሴቶቹስ ብዬ ጠየቅሁ። የኳስ ውይይት ተቀድቶባቸዋል አለኝ።

ለካ ያንን ፍራሽ በከንቱ ስረግመው ነው የከረምኩት። ፍራሹ ንጹሕ ነው። ከሥሩ የሸፈነው አንዳች ነገር አልነበረም።

ይህን ተሸክሜ ቤት ስገባ ለእቴቴ መንገር አቃተኝ። የሰው ድምፅ ማስመሰል በሕይወቴ ያስመሰገነኝ ብቸኛ ሙያ ስለሆነ፣ ሱቄን ከውስጥ ቆልፌ ያቺን መስመር በአጎቴ ድምፅ ቀዳኋት፤ ከዘፈኑ ጋር ቀጠልኳት፤ የድሮ ካሴት እንዲመስል የሽሽሽ ድምፅ ቢጤ ጨመርኩበት። እኔ ራሴ ሰምቼው ደነገጥኩ። ከዚያ ተገኘ ብዬ ወጥ ቤት ገብቼ ከፈትኩላት። ቧንቧውን ዘግታ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያም እርጥብ እጇን ጉንጬ ላይ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦

«ጎሽ፣ የኔ ልጅ። እሱ ግን እዚያ ጋ ሲደርስ ትንፋሽ ያጥረው ነበር። አንተ ጤነኛ ነህ፣ ተመስገን።»

ያኔ እውነቱን ነገርኳት።

ክቡርነትዎ፣ አቤቱታ የሚጽፍ ሰው መጨረሻ ላይ የሚለምነው ነገር ሊኖረው ይገባል። እኔ አስቤ አስቤ አጣሁ። መልሱልን እንዳልል የላችሁም። ይቅርታ ጠይቁን እንዳልል፣ ይቅርታውም ለማስታወቂያ ሲባል ያጥራል። ዘፈኑን ከእንግዲህ አትክፈቱት እንዳልል እንኳ እቴቴ አትፈቅድልኝም፤ የቀረውም ቢሆን የሱ ነው ትላለች። ስለዚህ እርስዎ ይከፍቱታል፣ እሷ ቧንቧውን ትዘጋለች፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያታለሁ። የምለምንዎ ነገር ቢኖረኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ራሴን ዝቅ አድርጌ፣ ድምፄን ግን ሳልቀንስ፣ ሥልጣንዎ እንዲሰፋ፣ ስብሰባዎ እንዲበዛ፣ መቀስዎም ጥቂት እንዲዶለዱም ከልብ እየተመኘሁ፣

የጣቢያዎ ታማኝ አድማጭ፣
የጋሼ ሹክሹክታ የእህት ልጅ

ከፊርማው በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለእቴቴ አነበብኩላት። ስድቡን ቀንሰው አለችኝ፤ ይኸው ተቀንሶ ነው። አንድ ጥያቄ ግን ጨምርልኝ ብላለች፦ ያቺን መስመር የቆረጠው ሰው፣ ከመቁረጡ በፊት ሰምቷት ነበር ወይ? ሰምቷት ከሆነ አድራሻውን ይላኩልን። ልትቀየመው አይደለም። ለመጨረሻ ጊዜ የሰማው እሱ ስለሆነ፣ እንዴት እንደነበር ልትጠይቀው ነው።