የዘይነባ መልስ

ደሴ፣ ጥር 12 ቀን 1997 ዓ.ም.

በፈተና እርማት እኔን የሚያርመኝ የለም እል ነበር። በፍልስፍና ፈተናው ላይ "ነገ ፀሐይ እንደምትወጣ በምን እናውቃለን?" ብዬ ብጠይቅ፣ ዘይነባ የምትባል የኮምቦልቻ ተማሪዬ "አናውቅም፤ ኢንሻአላህ ትወጣለች" ብላ ጻፈች። ይሄ ስብከት ነው ብዬ ዜሮ ሰጠኋት።

ዛሬ ወረቀቷን ይዛ ቢሮዬ መጣች።

"ቲቸር፣ እስከ ዛሬ መውጣቷ ለነገ ዋስትና አይሆንም ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም እንዴ? እኔስ ሌላ ምን አልኩ?"

እውነቷን ነው። ባስተማርኩት ከእኔ ይልቅ እሷ አምናበታለች።

"ወረቀቱን ተዪልኝ፤ ነገ ጠዋት አስተካክዬ እሰጥሻለሁ" አልኳት።

"ኢንሻአላህ ይበሉ እንጂ!" አለችኝ በሩ ላይ ቆማ።

ሳቅሁ እንጂ አላልኩም። ወረቀቷን ይዤ ሆጤ ሰፈር ቤቴ እንደገባሁ ግን፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ ቀይ እስክሪብቶዬን አውጥቼ ውጤቷን ዛሬውኑ አስተካከልኩ።