ጫጩቶቹ ከሙቁ ክፍል ወጡ

ጉለሌ፣ ታኅሣሥ ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለነገራ ዱጉማ
ጅማ

እንደምን ሰንብተሃል? የምጠይቅህ ወግ ስለሆነ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ተቆጥቼ ነው፤ ቁጣዬንም አላሳጥርልህም።

ሦስተኛው ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። ስለ ፈረንጅ ጫጩቶችህ በዝርዝር ጠይቀሃል፤ ፋኖሱ ስንት ስንዝር ከፍ ብሎ እንደተሰቀለ፣ ሰጋቱራው እንዳይረጥብ፣ ፉርሽካው እንዳይሻግት። ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው ወደ ውጭ እንዳይወጡ እንደገና ከሥሩ አስምረህ አዘሃል። ሦስቱንም ደብዳቤዎች አልጋ ላይ ዘርግቼ እማዬን ፈለግኋት። አንተ ስትሄድ ጀምሯት የነበረው ሳል እንደጠናባት በኅዳር መጀመሪያም መጨረሻም ጽፌልህ ነበር። ያገኘሁት መልስ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ "እማዬን አይዞሽ በይልኝ" የሚል።

ቤታችን ሁለት ክፍል እንደሆነ ልንገርህ፤ ረስተኸው ይሆናል። ሙቁ የፊተኛው ነው። በጥቅምት ከእርሻ ትምህርት ቤትህ በካርቶን ይዘሃቸው የመጣኸውን አርባ ጫጩቶች እዚያ አስቀመጥክ፣ ፋኖስ ሰቀልክላቸው፣ እማዬን ከአልጋዋ አስነሥተህ ወደ ጓዳ አዛወርካት። ለአንድ ሰሞን ነው አልክ። ጓዳው የእንጦጦ ነፋስ በግድግዳው ስንጥቅ የሚገባበት ነው። እሷ በብርድ ስትንቀጠቀጥ፣ ከግድግዳው ወዲያ ያንተ ጫጩቶች ሞቋቸው ሲንጫጩ እሰማ ነበር። አንገታቸውን ልጠመዝዝ የተነሣሁበት ቀን አለ፤ አልዋሽህም።

ለነሱ ላምባ መግዣ በሰው ስትልክ የእሷ መድኃኒት ትዝ አላለህም። ባለሱቋ ሩቅያ እንኳ ላምባ ልገዛ በሄድኩ ቁጥር አስቀድማ የምትጠይቀኝ ስለ እማዬ ነበር። ክፍሉን ላስለቅቅ ስል ደግሞ የተጣላችኝ ራሷ እማዬ ናት። ልጄ አደራ ብሎኛል፣ ብርድ ላይ አታውጪብኝ እያለች ስንት ቀን ከለከለችኝ።

ኅዳር ሃያ ስድስት ቀን ግን አልሰማኋትም። ጎረቤታችን ጋሽ ለሜሳ በአሮጌ ቆርቆሮና በወንፊት ሽቦ የዶሮ ቤት ሠሩልኝ፤ ጫጩቶቹን በቅርጫት አድርጌ በሦስት ምልልስ አወጣኋቸው። ገና አምስት ሳምንታቸው ነበር፤ ክንፋቸው ላባ አብቅሏል፣ ጀርባቸው አልተሸፈነም። እማዬን በጋቢ ጠቅልለን ወደ ቦታዋ መለስናት።

በማግስቱ ጠዋት ስከፍት ዘጠኙ ሞተዋል። የገደላቸው ብርድ አይደለም። ፋኖስ የለመዱ ስለሆኑ ሲጨልምባቸው ደንግጠው፣ አንድ ጥግ ላይ ተደራርበው፣ ከሥር ያሉት ታፈኑ። ቆጡ እያለላቸው አንድም የወጣበት የለም። ይህን በሦስቱም ደብዳቤዎችህ አልጻፍከውም። የነገረችኝ እማዬ ናት፣ ከአልጋዋ ሆና፣ ሳሏ ጋብ ሲልላት።

"ቆጥ ላይ መውጣት ማን አሳያቸው? እናት የላቸውም እኮ። ሲመሽ አንድ በአንድ እያነሣሽ አስቀምጫቸው፤ እስኪለምዱት ነው።"

ከፋብሪካ ስመለስ፣ እግሬ እያበጠ፣ ሠላሳ አንዱን በየምሽቱ እያነሣሁ ቆጥ ላይ አስቀመጥኳቸው። ይቧጭሩኛል፣ ይወርዳሉ፣ እመልሳቸዋለሁ። በሰባተኛው ቀን ራሳቸው ወጡ። ስነግራት ሳቀች። ይህንን ለነገራ ጻፊለት አለችኝ።

"የሞቱትን ግን አትንገሪው። ሰው አገር ብቻውን ሆኖ ይከፋዋል።"

እኔ ግን ይኸው ነገርኩህ። ይክፋህ።

ሙቁ ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ቀን ተኛች። ያን ሁሉ ሳምንት ልትተኛበት ሲገባት አሥራ አንድ ቀን ብቻ። ስለ ዘጠኙ ጫጩቶች ልትወቅሰኝ ትችላለህ፤ ስለዚህ ግን እኔ አንተን ይቅር የምልበት አንጀት እስካሁን አላገኘሁም። የራሴንም ጥፋት አውቃለሁ። እሷን እሺ እያልኩ አንድ ወር ሙሉ መቆየት አልነበረብኝም።

አሁን ክፍሉ ባዶ ነው። ጫጩቶችህን መልሰህ ልታስገባ ብትፈልግ የሚከለክልህ የለም።

ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ ፈቃድ ጠይቀህ ተነሣ። ለምን ብለህ አትጻፍልኝ። ስትደርስ በቀጥታ ወደ ቤት አትምጣ፤ ጋሽ ለሜሳ ጋ እደር፣ ነግሬያቸዋለሁ። ጎህ ሲቀድ እኔና ጎረቤቶቹ እንመጣለን።

እንደተቆጣሁህም ወንድሜ ነህ፤ ከአንተ ሌላ የቀረኝ የለም። የቁስቋሟ እመቤት መንገድህን ታቅናልህ፤ በሰላም ታግባህ።

ሁልጊዜ ከስሜ በላይ የምጽፍልህን፣ እማዬ ሰላም ትልሃለች የሚለውን፣ ዛሬ አልጻፍኩትም።

እህትህ
ውባለም ዱጉማ