በኮምፒውተር ውስጥ ስለተደፈነው የኮረብታችን ስንጥቅ

ለተከበሩ የኮረብታና የተዳፋት ደኅንነት ቢሮ ኃላፊ፣
ባሉበት፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እርስዎም ሆኑ መላው የቢሮዎ ባልደረቦች በመልካም ጤንነት፣ በደረቅ ጫማና በማይነቃነቅ ወለል ላይ እንደምትገኙ ያለኝን ሙሉ እምነት እየገለጽኩ፣ ከኮረብታው ግርጌ የሚኖሩት የታላቅ እህቴ፣ የባሏና የልጆቿ ጤና ግን ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ በይደር የተያዘ መሆኑን በታላቅ አክብሮት አሳውቃለሁ።

እኔ በሙያዬ ልብስ ሰፊ ነኝ። የተተረተረ ነገር ሳይ እጄ አያርፍም፤ ይህም አመል ከስፌት መኪናዬ ተነሥቶ እስከ ኮምፒውተሬ ድረስ ተከትሎኛል። እርስዎ በሥራ ብዛት አላዩት እንደሆነ፣ ተጫዋቹ በአንድ ሰፊ አገር ላይ በእግሩም በፈረስም እንደ ልቡ የሚዞርበት የኮምፒውተር ጨዋታ አለ። አገሩ የተሠራው ከአየር ላይ ከተነሡ እውነተኛ የመሬት ፎቶዎች በመሆኑ የእኛም ኮረብታ ከነጉብታው፣ ከነጉድባው እዚያ ውስጥ ይገኛል። ይሁን እንጂ ጨዋታው ጉድለት አያጣውም። ድንጋዩ ከመሬት ተነሥቶ አየር ላይ ይንጠለጠላል፣ ዛፉ ሥሩን አውጥቶ ይቆማል፣ ወንዙ ሽቅብ ይፈሳል፣ ሁለት መሬት የሚጋጠሙበት ቦታ ደግሞ እንደ ክፉ ስፌት አፉን ከፍቶ ሰውን ከነፈረሱ ይውጣል። እኔና መሰሎቼ ይህን የሚጠግን ማስተካከያ እየሠራን ለሌላው ተጫዋች በነጻ እናድላለን። ሞድ እንለዋለን።

ኩባንያው በየጊዜው አዲስ የአየር ፎቶ እያስገባ መሬቱን ያድሳል። በመጨረሻው እድሳት ከእህቴ ሰፈር አናት ላይ ረጅም ስንጥቅ አየሁና፣ የተለመደው የኩባንያው ስፌት የተተረተረ መስሎኝ፣ አፈር ሞልቼ፣ ከሌላ መስክ ሣር ቀድቼ አልብሼ ደፈንኩት። ሥራዬ እንዳማረልኝ አልክድም። በማግስቱ ያወረዱት ተጫዋቾች ሁሉ አመስግነውኛል።

ከዚያ እህቴን ልጠይቅ ሄድኩ። ነፋስ ከገመድ ላይ የወሰደባትን አንሶላ ላመጣላት ሽቅብ ስወጣ፣ ከቁጥቋጦው ጀርባ እግሬ እስከ ጉልበቴ ገባ። መስመሩን ወዲያው አወቅኩት፤ መታጠፊያውን ሁሉ እየተከተልኩ የሞላሁት ነውና። ጠጠር ወረወርኩበት፣ መሬት ሲነካ ግን አልሰማሁም። አንሶላውን እዚያው ትቼ በመቀመጫዬ እየተንፏቀቅሁ ወረድኩ፣ እህቴም ቀሚሴ ላይ የተለጠፈውን ጭቃ አይታ ሳቀችብኝ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ፈርቻለሁ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለው አክብሮት እንኳ እንዳልወድቅ የያዝኩት መደገፊያ ነው። ስለዚህ ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና ምስጋናዎቼን፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስንጥቁን ላመለክት ወደ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ ባለሙያዎ በትሕትና ወንበር ስለሰጡኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ወንበሩ አስፈልጎኝ ነበር። ባለሙያው "እስቲ እንየዋ" ብለው ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ የከፈቱት ያንኑ ጨዋታ ነበርና። የመስክ መኪናው ከተበላሸ ወዲህ ቢሮው ተዳፋቱን የሚቆጣጠረው በዚሁ መሆኑን፣ ከአየር የተነሣ ስለሆነም ከእግር ጉዞ ይልቅ አስተማማኝ መሆኑን በትዕግሥት አስረዱኝ። እንዲያውም ቀደም ሲል አንድ አሳሳቢ ስንጥቅ አይተው ነዋሪውን ለማስነሣት ተዘጋጅተው እንደነበር፣ ነገር ግን የተንጠለጠሉት ድንጋዮች ለሥራ ስላስቸገሯቸው አንድ የመሬት ማሳመሪያ ሞድ ቢጭኑ ስንጥቁም አብሮ እንደጠፋ፣ በዚህም ቢሮው እፎይ እንዳለ ነገሩኝ። ከዚያ ኮረብታውን አቅርበው አሳዩኝ። ሣሩ የእኔ ሣር ነበር። ከየት መስክ እንደቀዳሁት፣ የቱ ጋ ቀለሙ አልገጥም እንዳለኝ ሁሉ አውቃለሁ። "ይህንን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ስንጥቁ ከሥሩ አለ፣ እግሬ ገብቶበታል" ብዬ ብነግራቸው፣ ባለሙያው መነጽራቸውን አውልቀው ግሩም እጅ እንዳለኝ መሰከሩልኝ፣ ጊዜ ካገኘሁም ሽቅብ የሚፈሰውን ወንዝ እንድመለከትላቸው አደራ አሉኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል ስሰማ ያደግሁ ነኝ፤ ላሟን በሰማይ የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ሳይ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

፪ኛ. በሰፈሩ መግቢያ ካለው ምሰሶ ላይ "ስንጥቁ በተደረገው የቅርብ ክትትል ሙሉ በሙሉ የተደፈነ ስለሆነ ኅብረተሰቡ ያለ ሥጋት ኑሮውን ይቀጥል" የሚል ባለ ማኅተም ወረቀት ስላስለጠፉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የእህቴ ባል ግን ሞኝ አይደለም፤ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ አንድም ሰው ሳይገጭ የኖረ ጠንቃቃ ሰው ነው፣ ጥፋቱ ማኅተም ማክበሩ ብቻ ነው። ከቤቱ እንዲወጡ ስለምነው "አንቺ ልጅ፣ ጨዋታና ኑሮ ተምታቶብሻል፤ ቢሮው አይቶ ደህና ነው ያለውን አንቺ ከጨርቅሽ መሀል ሆነሽ ነው ወይ የምታፈርሺው?" አለኝ። እህቴም እንዲሁ። ወደ እኔ ክፍል ይዣችሁ ልሂድ ብላት ከጣቃና ከቁልፍ ጋር ተጣጥፋ የምትተኛበት ምክንያት እንዳልታያት ነገረችኝ። ወረቀቱን ሄጄ ቀደድኩት። የእህቴ ባል ቁርጥራጩን ለቅሞ፣ በሙጫ አጋጥሞ፣ መልሶ ለጠፈው። ማኅተሙ ላይ አንድም መስመር አልተዛነፈም፣ እኔ ራሴ ከዚያ የተሻለ አልጠግንም።

፫ኛ. ጥሩ፣ ቢሮው የሚያምነው ኮምፒውተሩን ከሆነ በኮምፒውተሩ ልንገረው ብዬ፣ የማሳመሪያዬን አዲስ እትም ስንጥቁን መልሼ ገልጬ አወጣሁ። የቢሮዎም ኮምፒውተር እትሙን በራሱ ጊዜ ተቀበለና ስንጥቁ ባለሙያው ፊት አፉን ከፈተ። ይህን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ አሁን ይመጣሉ፣ አሁን እህቴን ያስነሡልኛል ብዬ የስፌት ክፍሌን ጠርጌ፣ ጨርቁን ወደ ጥግ ሰብስቤ፣ ለልጆቹ ፍራሽ አንጥፌ ጠበቅሁ። የመጣልኝ መጥሪያ ነው። "በሕዝብ ኮረብታ ላይ ያለ ፈቃድ ስንጥቅ በመክፈት" ተጠርጥሬ እንድቀርብ፣ ኮረብታውንም በአስቸኳይ ወደ ነበረበት እንድመልስ ታዘዝኩ። ስለተሰጠኝ ከፍተኛ ግምት አመሰግናለሁ፤ ስትቆጣኝ ያልሰጠችኝ ስም የሌላት እናቴ እንኳ ምድር መሰንጠቅ ትችላለች ብላ አምታኝ አታውቅም። ስቀርብም ስንጥቁ እውነተኛ መሆኑን፣ በእግር ቢሄዱ ከቢሮው ሩቅ እንዳልሆነ እያለቀስኩ ተናገርኩ። ባለሙያዎ ውኃ አስመጡልኝ። ከዚያ የድሮውን እትም ራሳቸው መልሰው ጫኑና ኮረብታችን ለሁለተኛ ጊዜ ተደፈነ። በምሰሶው ላይም አዲስ ወረቀት ተጨመረ፣ ይኸኛው ወፈር ያለ ነው።

፬ኛ. ዝናቡ ጀምሯል።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር መጻፍ አልሆነልኝም። ከእህቴ ቤት ጓሮ የሚወርደው ውኃ ድሮ ኩልል ያለ ነበር፣ አሁን ቀይ ሆኗል። የአጥሩ እንጨቶች ሁሉ ወደ ቤቱ አጎንብሰዋል፤ እህቴ ትልቁን ልጇን ተደግፎባቸው ነው ብላ ተቆጥታዋለች። አንድ እግሬ የገባበት ቦታ ዛሬ ሁለቱንም አጋጥሞ ያስገባል። ወደዚያ እሄዳለሁ፣ አይቼ እመለሳለሁ፣ ስመለስ የሠራሁትን ስፌት እፈታለሁ፤ ሁለት ጊዜ የሰው ሱሪ አንዱን እግር ዘግቼ ሰፍቻለሁ።

ይህን የሚያህል ፍርሃት ከየት መጣ ይሉኝ ይሆናል። በዚያ ጨዋታ ውስጥ መሬት የከዳው ሰው ወዲያው አይሞትም። ወደ ታች ይወርዳል፣ ቀና ሲል አገሩን ሁሉ ከሥር ያየዋል፤ የቤቱን ወለል፣ የመንገዱን ሆድ፣ የዛፉን ሥር። እኔ ጉድለት ስፈልግ ብዙ ጊዜ ወድቄያለሁና የእህቴን ቤት ከሥሩ አይቼዋለሁ። ወለሉ ስስ ነው፣ እንደ ኮት ገበር። ከዚያ ጨዋታው ይራራና ሰውየውን አንሥቶ መንገድ ላይ ያቆመዋል። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ያንን ወለል አያለሁ፣ በላዩ የልጆቹ እግር ወዲያ ወዲህ ይላል፣ የሚራራውና የሚያነሣው ግን አይታየኝም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉትን እንዳላምን እርስዎ ይርዱኝ። ልመናዬ አንድ ነው። ክቡርነትዎ ወይም የሚወክሉት ሰው በገዛ እግሩ መጥቶ ቁጥቋጦው ጀርባ ይቁም። መኪናው ካልተጠገነ አውቶቡስ አለ፤ የእህቴ ባል በነጻ ያደርስዎታል፣ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው። መምጣቱ የሚከብድ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱን ብቻ ያንሡልኝ። እርስዎ ራስዎ ያነሡት እንደሆነ እህቴ በዚያው ቀን ትወጣለች፤ እኔን ባትሰማ እርስዎን ትሰማለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ የሐዘን መግለጫዎን ወረቀት ከአሁኑ ወጪ አድርገው እንዳያስቀምጡ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የተቀመጡበት ወንበር ለዘለዓለም እንዲጸና፣ ከመስኮትዎ በላይ አንዳች ኮረብታ እንዳይኖር፣ ዝናቡም ለእርስዎ የአትክልት ውኃ ብቻ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ስላልመጡልን ሁሉ ከወዲሁ አመሰግናለሁ።

ታዛዥዎ፣
ያለ ፈቃድ ምድር ሰንጣቂ የተባለችው
ልብስ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በእጄ ላደርስልዎ አስቤ ነበር። ትናንት እህቴን እንደገና ልለምን መጥቼ ዝናብ ስለያዘኝ እዚሁ አደርኩ፣ የመጨረሻዎቹን መስመሮች የጻፍኩትም ከእሷ ቤት ነው። ዛሬ ጠዋት የቤቱ በር አልከፈት አለ። መቃኑ ተጣሞ በሩን ነክሶታል፣ የእህቴ ባል በትከሻው እየገፋ ነው፣ መስኮቶቹ ብረት አላቸው። ደብዳቤውን በብረቱ መሀል ለጎረቤታችን ሴት አቀብያታለሁ፤ ሮጣ ታደርስልዎታለች። እህቴ ለመውጣት ተስማምታለች።